የድንጋይ ብናኝና የሠራተኛው ሳንባ

አንድ መንግሥት የወጥ ቤት ጠረጴዛ በሕግ ከለከለ ቢባል ብዙ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። የጦር መሣሪያ ይከለከላል፤ መርዝ ይከለከላል፤ ሽንኩርት የሚከተፍበት ገበታ ግን ምን በድሎ ይከለከላል? ይሁን እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። አውስትራሊያ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሰው ሠራሽ ድንጋይ የተባለውን የጠረጴዛ ሰሌዳ መሥራትንም፥ መሸጥንም፥ ቆርጦ መግጠምንም ከለከለች። ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ሰሌዳው ከውጭ እንዳይገባባት በሯን ዘጋች። ከእርሷ በፊት ይህን ያደረገ አገር አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዘመን፥ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህን የምንጽፈው አውስትራሊያን ለማመስገን አይደለም። ከዚህ ክልከላ በስተጀርባ ለሕግ ተማሪውም፥ ለሕክምና ተማሪውም፥ ለመሐንዲሱም የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። ጥያቄውም፦ የሥራ ደኅንነት ደንብ የሚጠብቀው ማንን ነው? ሠራተኛውን ነው ወይስ ሸቀጡን? የእኛ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ጥንቃቄው እጅግ ከመክበዱ የተነሣ ድኻው ሠራተኛና ትንሹ አሠሪ ሊፈጽሙት የማይችሉት ከሆነ፥ ሸቀጡም ያለ ችግር በሌላ የሚተካ ጌጥ ከሆነ፥ ትክክለኛው ደንብ ሸቀጡን ማስወገድ ነው። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

በመጀመሪያ የነገሩን ምንነት እንወቅ። ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከተራራ ተፈልጦ የወጣ ድንጋይ አይደለም። ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ይፈጫል፤ ሙጫ በሚመስል ኬሚካል ይለወሳል፤ ቀለም ይጨመርበታል፤ ከዚያም በከባድ መኪና ተጨፍልቆና በሙቀት ደርቆ ሰሌዳ ይሆናል። ዘዴው ከኢጣልያ የመጣ ሲሆን በእስራኤልና በስፔን የተቋቋሙ ፋብሪካዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በዓለም ገበያ አስፋፍተውታል። ውበቱ አይካድም። እንደ እብነ በረድ ያበራል፤ እድፍ አይዘውም፤ በተፈለገው ቀለም ይገኛል። ሰሌዳው በቦታው ከተገጠመ በኋላም ቤተሰቡን የሚጎዳ ነገር የለውም። ጉዳቱ የሚደርሰው ከዚያ በፊት ነው፤ ይኸውም ሰሌዳውን በልክ በሚቆርጠው፥ ለዕቃ ማጠቢያው ቀዳዳ በሚያወጣለት፥ ጠርዙንም በሚያለሰልሰው ሠራተኛ ላይ ነው።

የጉዳቱ ምክንያት ሲሊካ ነው። በእብነ በረድ ውስጥ የሚገኘው ሲሊካ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 አይሞላም። በግራናይት ውስጥ ከመቶ 30 ያህል ይደርሳል። በሰው ሠራሹ ድንጋይ ውስጥ ግን ከመቶ 90 በላይ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በእብነ በረድ የለመደ ጠራቢ ያንኑ መኪና፥ ያንኑ እጅ፥ ያንኑ ልማድ ይዞ ወደ አዲሱ ሰሌዳ ሲሸጋገር ከፊቱ የቆመው አደጋ ብዙ እጥፍ ሆኖ ሳለ፥ ለዐይኑ ግን ሥራው ያው የትናንቱ ሥራ ነው።

ብናኙም ሁለት ዓይነት መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። በልብስና በቅንድብ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው አቧራ ከሁሉ የባሰው አይደለም፤ እርሱ በአፍንጫ ይያዛል፤ በአክታም ይወጣል። የሚገድለው የማይታየው ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺሕኛ እጅ ጥቂቱን ብቻ የሚያህለው ቅንጣት ከአየር ጋር ተንሳፎ እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል። በዚያም ባዕድ ነገርን እየዋጡ ሰውነትን የሚጠብቁ ሕዋሳት ይቀበሉታል፤ ይውጡታልም። ነገር ግን ሊያሟሙት አይችሉም። ዘበኛው ይሞታል፤ ቅንጣቱ ይቀራል፤ ሌላ ዘበኛ ይመጣል፤ እርሱም ይሞታል። በዚህ ማለቂያ በሌለው ውጊያ ሳንባ ይቆስላል፤ ቁስሉም ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ አየር አያስተላልፍም። ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ ይህ ነው።

ሲሊኮሲስ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ታማሚው ሥራውን ቢተውም እንኳ በሽታው መግፋቱን ላያቆም ይችላል። ለጠናበት ሰው የሚቀርለት ተስፋ የሌላ ሰው ሳንባ ተተክሎለት መኖር ነው፤ ያም ዕድሜ ያስቀጥላል እንጂ የቀድሞውን ጤና አይመልስም። ከዚህም በላይ የሲሊካ ብናኝ ሰውን ለሳንባ ነቀርሳ ያጋልጣል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ1997 ይህን ብናኝ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መካከል መድቦታል። በቀድሞው የማዕድንና የድንጋይ ሥራ በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ10 እስከ 30 ዓመት ከተሠራ በኋላ ነበር። በሰው ሠራሹ ድንጋይ ግን 10 ዓመት ሳይሞላ ገና ልጆቹን አሳድጎ ያልጨረሰውን ጎልማሳ ይጥለዋል።

ይህ ዕውቀት አዲስ ነው የሚል ቢኖር ታሪክን ይመልከት። አግሪኮላ የተባለው ጀርመናዊ በ1556 በታተመው የማዕድን መጽሐፉ በካርፓቲያ ተራሮች ባሉ ማዕድን ቤቶች አካባቢ እስከ ሰባት ባል ያገቡ ሴቶች እንደ ነበሩ ጽፏል፤ ባሎቻቸውን ሁሉ የበላቸው ትቢያው ነበር። ኢጣልያዊው ሐኪም ራማዚኒ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባወጣው መጽሐፍ ድንጋይ ጠራቢዎችን ለይቶ አንሥቷል፤ ሐኪምም በሽተኛውን ሲመረምር «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ መክሯል። በ1930 እና በ1931 በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ሃውክስ ኔስት በተባለ ስፍራ ለኤሌክትሪክ ኃይል የሚሆን ውሃ ለማሳለፍ በሲሊካ የተሞላ ተራራ ተበሳ። ከሠራተኞቹ የሚበዙት ሥራ ፍለጋ ከደቡብ የመጡ ጥቁሮች ነበሩ፤ ብናኙን የሚያበርድ በቂ ውሃም ጭምብልም አልተሰጣቸውም። በ1936 የአሜሪካ ምክር ቤት ጉዳዩን መረመረ። ከዚያም ሃምሳ ዓመት ቆይቶ በ1986 የታተመ ጥናት የሟቾቹን ቁጥር 764 ያህል አድርጎ ገመተው። የዓለም ሥራ ድርጅትም ስለ ሲሊኮሲስ በጆሃንስበርግ ጉባኤ የጠራው በዚያው በ1930 ነበር። እንግዲህ የሰው ልጅ ይህን ትቢያ የሚያውቀው በዘመናት ነው፤ አላወቅንም ብሎ ማመካኘት ለማንም አይቻልም።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በእስራኤል አንድ ትልቅ የሳንባ ንቅለ ተከላ ማዕከል ከ1997 እስከ 2010 ድረስ በሰው ሠራሽ ድንጋይ ሥራ የታመሙ 25 ሰዎች ወደ እርሱ እንደ መጡ ሐኪሞቹ በ2012 በሕክምና መጽሔት አስታወቁ። በስፔን አገር በካዲስ አውራጃ ከ2009 እስከ 2012 ድረስ 46 ታማሚዎች ተገኙ፤ የሚበዙት በሠላሳዎቹ ዕድሜ አካባቢ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። በካሊፎርኒያ በ2023 የወጣ ጥናት 52 ታማሚዎችን ሲቆጥር ከእነዚህ ውስጥ 51ዱ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ሆኑ፤ ጥናቱ በታተመበት ጊዜ 10ሩ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያው ግዛት የታማሚው ቁጥር በመቶዎች ተቆጥሯል። በብሪታንያ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 8 ታማሚዎች በሕክምና መጽሔት የታወቁት በ2024 ነው።

እነዚህን ዘመኖች አንባቢ አንድ ጊዜ መለስ ብሎ ይያቸው። ማስጠንቀቂያው በ2012 በግልጽ ታትሟል፤ የብሪታንያ ሐኪሞች የመጀመሪያ ታማሚዎቻቸውን የቆጠሩት ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በየአገሩ ያለው ባለሥልጣን የጎረቤቱን ሞት እንደ ማስረጃ አልቆጠረም፤ የራሱ ሰው እስኪሞት ድረስ ጠበቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ልዩነቱ ይህ ጅብ አለመሄዱ ነው፤ ወደ ሚቀጥለው ቤት ተሻገረ እንጂ።

የአውስትራሊያ ጉዞ ልንማርበት የሚገባ ነው። በአንድ ጊዜ ዘልላ ወደ ክልከላ አልገባችም። በሴፕቴምበር 2018 የኩዊንስላንድ ግዛት መንግሥት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ሰሌዳውን ያለ መከላከያ በደረቁ መቁረጥን ከለከለ። በ2020 የአገሪቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በአየር ውስጥ ሊኖር የሚፈቀደውን የሲሊካ መጠን በግማሽ ቀነሰ። በ2021 መንግሥት ያቋቋመው ግብረ ኃይል ባቀረበው ዘገባ፥ ከ2018 በፊት ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ከነበሩት ሠራተኞች ከአራቱ አንዱ ያህል በሲሊኮሲስ ወይም በሌላ የብናኝ በሽታ እንደ ተያዘ ገለጸ። ከአራት አንድ! በአንድ ሰሌዳ ዙሪያ አራት ሠራተኞች ቆመው ቢታዩ አንዱ ሳንባው ተነክቷል ማለት ነው። በ2023 ያው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደንቡ ወጥቶ እንኳ ሠራተኛው እንዳልተጠበቀ፥ በብዙ ቦታም ደንቡ እንዳልተፈጸመ መርምሮ ሙሉ ክልከላ እንዲደረግ መከረ። የሕንፃ ሠራተኞች ማኅበርም መንግሥት ካልከለከለ አባሎቹ ሰሌዳውን በእጃቸው እንደማይነኩ አስታወቀ። ዲሴምበር 13 ቀን 2023 የፌዴራሉና የግዛቶቹ ሚኒስትሮች በክልከላው ተስማሙ።

ከዚህ እንደምንረዳው ክልከላው የመጣው ደንብ ተሞክሮ ከወደቀ በኋላ ነው። እንግዲህ ደንቡ ለምን ወደቀ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

የሥራ ደኅንነትን የሚያጠኑ ባለሙያዎች መከላከያን በመሰላል ይመስሉታል። በላይኛው ደረጃ ላይ ያለው አደጋውን ጨርሶ ማስወገድ ነው። ቀጥሎ አደገኛውን ነገር አደጋ በሌለው መተካት ይመጣል። ሦስተኛው በመሣሪያ መከላከል ነው፤ ይኸውም በውሃ እያራሱ መቁረጥና ብናኙን ከመነሻው በሚስብ መኪና መያዝ ነው። አራተኛው የአሠራር ሥርዓት፥ ትምህርትና ማስጠንቀቂያ ነው። የመጨረሻውና ከሁሉ የሚደክመው በሠራተኛው ፊት ላይ የሚታሰር ጭምብል ነው። መሰላሉ የሚያስተምረው ቀላል ነገር ነው፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሸክሙ ከአሠሪው ትከሻ ወርዶ በሠራተኛው ፊት ላይ ያርፋል። በብዙ አገር ያለው አሠራር ግን መሰላሉን ገልብጦ ከጭምብል ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም በጭምብል ይጨርሳል። ሠራተኛው ሲታመም «ጭምብል ሰጥተነው አላደረገም» ይባላል።

የሚፈቀደውን መጠን በምሳሌ እንየው። አሜሪካ በ2016 ባወጣችው ደንብ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በ8 ሰዓት ሥራ አማካይ ከ50 ማይክሮግራም በላይ ሲሊካ እንዳይኖር ወሰነች፤ አውስትራሊያም ያንኑ ልክ ይዛለች። በአውሮፓ ኅብረት በ2017 የወጣው መመሪያና የብሪታንያ ደንብ ግን እስከ 100 ማይክሮግራም ይፈቅዳሉ። አንድ ሠራተኛ በሥራ ቀን 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይተነፍሳል። ስለዚህ በ50 ማይክሮግራም ልክ በቀን ወደ ሳንባው የሚገባው ግማሽ ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ይህም በክብደት ዐሥር የገበታ ጨው ቅንጣት አያህልም። እንግዲህ የሕጉ ወሰን በጣት ጫፍ ላይ ቢቀመጥ ከማይታወቅ መጠን ጋር የተያያዘ ነው። ይህን የሚለካው ዐይን አይደለም፤ በሠራተኛው አንገት አጠገብ የሚታሰር መሣሪያና የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ከመቶ 90 ሲሊካ የሆነ ሰሌዳ በደረቁ የሚቆረጥበት ቤት ይህን ወሰን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያልፈዋል።

ታዲያ ይህን ጥንቃቄ መፈጸም ያለበት ማን ነው? ሰሌዳውን የሚሠራው ትልቅ ፋብሪካ መሐንዲስም ላቦራቶሪም አለው። ሰሌዳው የሚቆረጠው ግን በብዛት በዚያ አይደለም፤ ጥቂት ሰዎች በሚሠሩባቸው ትንንሽ ቤቶች ነው። እዚያ አሠሪውና ሠራተኛው አብረው ይቆርጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜ አብረው ይታመማሉ። ተቆጣጣሪ በዓመት አንድ ጊዜ ቢደርስ ብዙ ነው። ሠራተኛው ስደተኛ ከሆነ ደግሞ የአገሩን ቋንቋ በደንብ አይናገርም፤ ቢያጉረመርም ሥራውን ያጣል። ስለዚህ ትርፉ በፋብሪካው በኩል ይሰበሰባል፤ ጥንቃቄው ግን በሺሕ ትንንሽ ቤቶች ላይ ይበተናል። እንዲህ ያለው ደንብ በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው፤ በሥራ ቦታ ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው ነው።

ፍትሕ እንዳናጓድል የተቃዋሚዎችንም ሐሳብ እናቅርብ።

አንደኛው፦ «ጥፋቱ የድንጋዩ ሳይሆን ደንብ የማያከብሩት ሰዎች ነው፤ እነርሱ ይቀጡ» ይላል። ይህ አባባል የተናቀ አይደለም። ካሊፎርኒያ የተከተለችው ይህንኑ መንገድ ነው። በዲሴምበር 2023 ባወጣችው አስቸኳይ ደንብ በደረቁ መቁረጥን፥ ብናኝን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግን፥ በታመቀ አየር ማራገፍንም ከለከለች፤ ሠራተኞችን እያፈራረቁ ብናኙን ለብዙ ሰው ማካፈልን እንኳ እንደ መከላከያ አልቆጠረችም። ቁም ነገር ያለው ደንብ ነው፤ ክልከላ በሌለበት አገር ሁሉ ቢያንስ ይህን የመሰለ ሊኖር ይገባል። ነገር ግን ደንቡን ለመፈጸም በየቤቱ በር ላይ የሚቆም ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል፤ ካሊፎርኒያ በሀብት ከብዙ መንግሥታት የምትበልጥ ሆና ሳለ ታማሚዋ ሲበዛባት፥ ከእርሷ በብዙ የሚያንሱ አገሮች በተቆጣጣሪ ብዛት እናሸንፋለን ቢሉ ማን ያምናቸዋል?

ሁለተኛው፦ «ሲሊካው ከመቶ 40 በታች ይሁንና ይፈቀድ» ይላል። ይህን ሐሳብ የአውስትራሊያ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መርምሮ፥ ከዚያ በታች ያለው መጠን ሠራተኛውን ለመጠበቁ ማስረጃ ስላላገኘ አልተቀበለውም። ደግሞም ዝቅተኛ ነው የተባለው ሰሌዳ «አይጎዳም» የሚል ስም ይዞ ጥንቃቄን ሊያስጥል ይችላል።

ሦስተኛው፦ «ግራናይትም፥ ኮንክሪትም፥ ጡብም ሲሊካ አላቸው፤ ሁሉን ልትከለክሉ ነው?» ይላል። አይደለም። ቤት ያለ ኮንክሪት አይሠራም፤ ስለዚህ ኮንክሪትን በውሃና በመሳቢያ እየተጠነቀቁ መሥራት ግዴታ ነው። ሰው ሠራሹ ሰሌዳ ግን ከመቶ 90 መርዝ ተሸክሞ የሚመጣ ጌጥ ነው። በእብነ በረድ፥ በእንጨት፥ በብረት፥ በሸክላ ሰሌዳም ምግብ ይሠራል። የሚያስፈልገውን ነገር በጥንቃቄ መያዝና የማያስፈልገውን አደገኛ ነገር መተው እርስ በርሱ አይቃረንም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚሰማው፦ «ሠራተኛው ሥራ ያጣል» የሚለው ነው። በአንድ በኩል እውነት አለው፤ ለሥራ ፈቱ እንጀራ ሳያዘጋጁ ሥራውን መዝጋት ግፍ ነው። ነገር ግን ጠረጴዛ የሚያስፈልገው ቤት ሰሌዳው ስለ ተከለከለ ጠረጴዛ አይተውም፤ ሌላ ዓይነት ያስቆርጣል። የሚቆርጠውም ያው ሠራተኛ ነው። ደግሞም ክልከላው ከታወጀ ወዲህ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ክሪስታል ሲሊካ የሌለበት ሰሌዳ ለገበያ ማቅረብ ጀምረዋል። ይህን ማድረግ የሚቻል ከሆነ ሕግ እስኪያስገድድ ድረስ ለምን ተጠበቀ? መልሱን ለአንባቢ እንተወዋለን።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖራል። በሦስት መንገድ ያገባናል።

አንደኛ፥ ሰሌዳው የዓለም ሸቀጥ ነው። አንድ ትልቅ ገበያ በር ሲዘጋበት ሌላ በር ማንኳኳት የንግድ ጠባይ ነው፤ የሚንኳኳውም ሕንፃ የሚበዛበትና ደንብ የሚላላበት አገር በር ነው። በከተሞቻችን ፎቅ በየጊዜው ይነሣል፤ የሰው ዐይንም አዲስ ጌጥ ይወድዳል። ደግሞ አንድ ነገር እናስተውል፤ ሰሌዳው በከባድ ፋብሪካ የሚሠራ እንጂ በየጓሮው የሚለወስ ስላልሆነ የሚመጣው በጉምሩክ በር ነው። ብናኝን በሺሕ ቤት ውስጥ መለካት ከባድ ነው፤ ሰሌዳን በአንድ በር ላይ መቁጠር ግን ቀላል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፥ የሕመሙ መልክ በአገራችን በቀላሉ ይሰወራል። በካሊፎርኒያው ጥናት ከ52 ታማሚዎች በ30ዎቹ ላይ በሽታው በጊዜ አልታወቀም፤ አንዳንዶቹ መጀመሪያ የሳንባ ምች፥ አንዳንዶቹም የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች ተብለው ነበር። ይህ የሆነው የሳንባ ነቀርሳ ብዙ በማይታይበት አገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ሸክም የበዛባቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸው 30 አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት። እዚህ የሚያስል፥ የከሳና ትንፋሽ ያጠረው ድንጋይ ጠራቢ ወደ ሐኪም ቢሄድ በመጀመሪያ የሚታሰበው ምን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ሲሊካም ራሱ ለሳንባ ነቀርሳ ስለሚያጋልጥ ሁለቱ በአንድ ሳንባ ውስጥ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ነቀርሳው ታክሞ ሲድን ሌላው ይቀራል፤ ሠራተኛውም ወደዚያው ትቢያ ይመለሳል። የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችን የራማዚኒን ጥያቄ ልብ ይበሉ። «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ራጅ በመጀመሪያ ደረጃ ያለውን በሽታ ብዙ ጊዜ እንደሚስት፥ ሲቲ ስካን ግን የተሻለ እንደሚያሳይም ይወቁ።

ሦስተኛ፥ ሕጉ መነሻ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ፥ በአደገኛ ሥራ ላይ የተሠማራውንም በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። አገራችን የዓለም ሥራ ድርጅትን የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 በ1991 አጽድቃለች። ነገር ግን «አስፈላጊውን ሁሉ» የሚል ቃል ድንጋይ በሚቆረጥበት ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ጠራቢው ምን ያነብበታል? ለእርሱ የሚያስፈልገው «በደረቁ አትቁረጥ፤ በደረቁ አትጥረግ፤ ብናኙን በአየር አታራግፍ፤ የሥራ ልብስህን ወደ ልጆችህ ይዘህ አትግባ» የሚል፥ አሠሪውንም ውሃና መሳቢያ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ የተለየ መመሪያ ነው። ይህ ለግራናይትና ለኮንክሪት ሠራተኛም ይጠቅማል፤ ሰው ሠራሹን ሰሌዳ ግን ከበሩ መመለስ ይሻላል።

እኛ ተማሪዎች ሕግ አውጪዎች አይደለንም፤ ተቆጣጣሪዎችም አይደለንም። ሆኖም የምንችለው አለ። የሕግ ተማሪዎች ይህን የመሰለ መመሪያ ረቂቅ አዘጋጅተው በመምህራኖቻቸው ፊት ይከራከሩበት። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ነገ የሚነድፉት ወጥ ቤት በማን ሳንባ ዋጋ እንደሚያምር አስበው ይንደፉ፤ በንድፉ ላይ የሚጽፉት አንድ የሰሌዳ ስም አንድን ሠራተኛ ሊጠብቀው ወይም ሊጎዳው ይችላልና። የምሕንድስና ተማሪዎች በአገር ውስጥ በርካሽ የሚሠራ የውሃ መርጫና የብናኝ መሳቢያ ለመመረቂያ ሥራቸው ይምረጡ። ማኅበራችንም በዚህ ግቢ ለሚሠሩ ሕንፃዎች በሚፈረመው ውል ውስጥ ድንጋይ በደረቁ እንዳይቆረጥና ሰው ሠራሹ ሰሌዳ እንዳይገጠም የሚል አንቀጽ እንዲገባ ለዩኒቬርሲቲው አስተዳደር በጽሑፍ ይጠይቅ። ይህ ሐሳብ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንዲቀርብ እንጠይቃለን። መምህራንም ቢደግፉን ጥያቄው ክብደት ያገኛል።

አንዳንዱ ይህን ትንሽ ነገር ነው ሊለው ይችላል፤ ረኃብና ሥራ ማጣት ባለበት አገር ስለ ወጥ ቤት ጠረጴዛ መጻፍ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጠረጴዛው የባለጠጋው ነው፤ ሳንባው የድኻው ነው። ድኻው ከጉልበቱ በቀር ሀብት የለውም፤ ጉልበቱም በትንፋሹ ይቆማል። ትንፋሹን የወሰደ ሁሉን ወስዶበታል። ሰርተፊኬት፥ መድን፥ ጡረታ በሌለበት ቤት አንድ ጎልማሳ በሠላሳ አምስት ዓመቱ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው የሚወድቀው እርሱ ብቻ አይደለም፤ በእርሱ እጅ ዳቦ የሚጠብቅ ሁሉ ነው።

ሌሎች አገሮች በራሳቸው ሠራተኞች ሳንባ ከፍለው ትምህርቱን አግኝተዋል፤ ታትሞም ለሁሉ ተሰጥቷል። እኛ ዳግመኛ ልንከፍልበት አይገባም።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ